ከአጎዛው ሥር

ቪዶዬ ቆሞ መጠጣት የጀመረው በረዶው መቅለጥ በጀመረበት ሰሞን ነው። መጀመሪያ ማናችንም ልብ አላልነውም። የጎማ ሱቁ ከድልድዩ ማዶ፣ ሊም ወንዝ ዳር ነው። በረንዳው ላይ ያለችውን ረጅም አግዳሚ ወንበር የማያውቅ ሰው ከተማችን ውስጥ የለም፤ ጎማው የተነፈሰበትም ያልተነፈሰበትም እዚያ ይቀመጣል። እኔ ራሴ መኪናም ሞተርም ሳይኖረኝ አስተምሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ ጎራ የምለው እዚያ ነው። ቪዶዬ የመጣውን ሁሉ አስቀምጦ የፕለም አረቄውን ይቀዳል። እሱ ግን የበሩን መቃን ተደግፎ ይቆማል።

«አንተስ ቁጭ አትልም እንዴ?»

«ቀኑን ሙሉ ስቀመጥ ነው የዋልኩት» ይላል።

ጎሚስታ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲውል ያየ ካለ ይናገር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየካቲት አንድ ጠዋት የጭነት መኪና ጎማ አቅፎ ከሱቁ ደረጃ ሲወርድ በረዶው አዳለጠው። ጎማውን ላለመልቀቅ ሲል በመቀመጫው ዱብ አለና የአከርካሪው የመጨረሻዋ አጥንት ተሰነጠቀች። ሐኪሙም «እዚያ ጋ ጄሶ አይታሰርም፤ ጊዜ ነው የሚያሽረው» ብሎ ሸኘው። ቪዶዬ ለማንም እንዳትናገር ሚስቱን ዴሳንካን አስማላት። እሷም ከልጃቸው በቀር ለማንም አልተናገረችም፤ ለእኔ የነገረችኝ ነገሩ ሁሉ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው።

መውደቅ ምን ያሳፍራል ትሉ ይሆናል። ሌላ ሰው ቢሆን ምንም። ቪዶዬ ግን የጭልፊቶቹ መሪ ነው።

ጭልፊቶቹ የከተማችን ሞተረኞች ማኅበር ናቸው። ቪዶዬ ጢሙ ገና ጥቁር ሳለ ከስታሜንኮና ከቴኦፊሎ ጋር ሆኖ ያቋቋመው ማኅበር ነው። በየዓመቱ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ቄሱ ሞተሮቹን ጸበል ይረጩላቸዋል። ከዚያ ድንበር ተሻግረው ዱርሚቶር ተራራ ላይ ይወጡና ሲመሻሽ ይመለሳሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ መሪውን ማንም አይቀድምም። እሱ ሲቆም ይቆማል፤ እሱ ካልቆመ የሚቆም የለም። ቪዶዬ ደግሞ አይቆምም። ጎረምሶቹ ከኋላው ወገባቸው ተቆርጦ ኮርቻቸው ላይ ሲቁነጠነጡ በመስታወት እያየ ይስቃል።

«ኮርቻ የተሠራው ሊቀመጡበት ነው እንጂ ሊተኙበት አይደለም» ይላቸዋል ሲወርዱ። «ያመመው አውቶቡስ አለለት። መጋረጃ ሁሉ አለው።»

በስታሜንኮ ላይ የተናገረው ግን ከዚህ ሁሉ የባሰ ነበር።

ስታሜንኮ አናጢ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ድንበሩ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ቤትና የፕለም ማሳ አለው። የቪዶዬን ልጅ ኔቬናን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። እኛ አገር ከወንድሙ ጋር የተኳረፈ ሰው ሞልቷል፤ ከአበልጁ ጋር የተኳረፈውን ግን ሰው በጣት ይጠቁመዋል። የዛሬ ሦስት ዓመት ስታሜንኮ የኪንታሮት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። የነገረው ለአበልጁ ብቻ ነበር። ሆስፒታል ያደረሰውም የመለሰውም ቪዶዬ ነው። መኪናዋ ጉድጓድ በነካች ቁጥር ከስታሜንኮ እኩል «ውይ!» ሲል ነበር የመጣው።

ከዚያ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ደረሰና ስታሜንኮ ኮርቻው ላይ በአየር የሚነፋ ትራስ አስሮ ብቅ አለ። ጥቁር ነው፤ እንደ ቸኮሌት በትናንሽ ካሬ የተከፋፈለ። ጠዋት ማንም ምንም አላለም። ምሳ ላይ፣ የተጠበሰው ጠቦት ተቆራርጦ አረቄው ከዞረ በኋላ፣ ቪዶዬ ተነስቶ ትራሱን ከሞተሩ ፈታና እንደ ጳጳስ አክሊል ራሱ ላይ ደፋው።

«ወንድሞች! አበልጄ እንቁላል ሊታቀፍ ነው!»

ሳቁ ሞቀ። ሳቅ ሲሞቅለት ደግሞ ቪዶዬ ማቆም አያውቅም።

«አትፍረዱበት! ኪንታሮቱን ያወጣለት ሐኪም የኋላ መብራቱንም አብሮ ነቅሎበት ነው!»

ሰው ጠረጴዛ ላይ እየተደፋ ሳቀ። ስታሜንኮም ፈገግ ብሎ ነበር ይላሉ። ትራሱን ከቪዶዬ ራስ ላይ አነሳ፣ አየሩን አስወጣ፣ ቀስ ብሎ አጣጥፎ ጃኬቱ ውስጥ ከተተ፣ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። መሪውን ቀድሞ የሄደ ጭልፊት እስከ ዛሬ እሱ ብቻ ነው።

«ትራሱ» የሚል ስም ወጣለት። ገበያ ውስጥ ሞተር ነክተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ «ትራሱ መጣ» ይሉታል። ሞተሩን ሸራ አልብሶ መጋዘን አስገባው። በኅዳር የቪዶዬ ቤት ስላቫ ነበር፤ ስላቫ የሚባለው እያንዳንዱ ቤት ለጠባቂ ቅዱሱ የሚያወጣው ዝክር ነው። ለስላቫ ማንም አይጠራም። የሚመጣ ሳይጠሩት ይመጣል፤ የመጣንም መመለስ ነውር ነው። ስታሜንኮ ሳይመጣ ቀረ። የስታሜንኮ ስላቫ የቅዱስ ኤልያስ ዕለት ነው፤ ቪዶዬም አልሄደም።

«ቀልድ የማይችል ሰው» ይል ነበር የአበልጁ ስም ሲነሳ። ሲል ግን ዓይኑን መፍቻው ላይ ጥሎ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በሚያዝያ ሞተሩ ላይ ወጥቶ፣ እስከ ነዳጅ ማደያው ብቻ ሄዶ፣ እንባው ዓይኑ ላይ ተንጠልጥሎ የተመለሰው። ዴሳንካ ሳታማክረው ለኔቬና ደወለች። ኔቬና ከምትኖርበት ከኖቪ ሳድ ከተማ በአውቶቡስ እሽግ ላከች። ሲፈታ ጥቁር ትራስ ነው፤ ካሬ ካሬ፤ ከስታሜንኮ ጋር አንድ ዓይነት።

«ይሄን ነገር ከቤቴ አውጪልኝ!»

«ሞተሩን ላውጣልህ ታዲያ?»

«አንቺ ሴትዮ!»

«ወይ በዚህ ትቀመጣለህ፣ ወይ መሪነቱን ለኡግሌሻ ታስረክባለህ። አሁንማ የምትተኛውም ቆመህ ሊሆን ምንም አልቀረም።»

ኡግሌሻ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚነግድ፣ ሠላሳዎቹን ያላጋመሰ፣ ሞተሩም አፉም አዲስ የሆነ ጎረምሳ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ዝም ማለት ብቻ ያመዋል። ከፋሲካ ጀምሮ ሱቁ እየመጣ «ጋሼ ቪዶዬ፣ ዘንድሮም ፊት አንተ ነህ ወይስ መርቀህ ትሸኘናለህ?» እያለ ሲነካካው ከርሟል። ቪዶዬ ይህን ሲያስብ ትራሱን ተቀበለ። ተቀብሎም መላ ዘየደ፤ አጎዛ።

አጎዛ ነውር የለውም። ተራራው ላይ ይበርዳል፤ ከጭልፊቶቹ ግማሾቹ ኮርቻቸው ላይ የበግ አጎዛ አላቸው። ቪዶዬ ጸጉሩ የረዘመ ነጭ አጎዛ መረጠና ትራሱን ከሥሩ ደብቆ በጠፍር ጠፈረው።

የቀረው አየሩን መሙላት ነበር። ከትራሱ ጋር ሥዕል ያለበት ወረቀት መጥቷል፤ ዴሳንካ ስትሰጠው ሳያነበው ወደ ምድጃ ወረወረው። ጎሚስታ ስለ አየር ከወረቀት ሊማር ነው? መጠየቅ ከፈለገ ደግሞ እንዲህ ባለው ትራስ ተቀምጦ የሚያውቅ አንድ ሰው በከተማው ነበር። እሱን የሚጠይቅበት አፍ አልነበረውም። እናም ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀውን አደረገ። ኮምፕረሰሩን አስነሳ፣ ቀጭኗን አፍ ገጠመ፣ ነፋ። በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ለስለስ አለበት። የላላ ጎማ ሰው ይገድላል እያለ ስንቱን ሾፌር ሲቆጣ የኖረ ሰው ነው። ጨመረበት። በጣቱ ሲመታው እንደ ከበሮ እስኪጮህ ድረስ ነፋው። ያኔ ረካ።

የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት ፀሐይዋ ገና በጠዋት ትናደፍ ነበር። ቄሱ ጸበላቸውን ረጩ፤ የቪዶዬ አጎዛ ላይ ሲደርሱ ትንሽ አተኩረው አዩትና አለፉ። ቪዶዬ ወጥቶ ሲቀመጥ ከወትሮው ከፍ ብሎ ታየ።

«ጋሼ ቪዶዬ፣ ዘንድሮ አድገሃል!» አለ ኡግሌሻ።

«አንተ ነህ ያነስከው» አለ ቪዶዬ፤ ሁሉም ሳቀ፤ ጉዞው ተጀመረ።

ወደ ድንበሩ በሚታጠፈው መንገድ ላይ ስታሜንኮ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። በየዓመቱ በዚያች ሰዓት ጀርባውን ሰጥቶ ዛፎቹ መሐል ይገባል ሲሉ ሰምቻለሁ። በዚህ ቀን ግን ዞሮ አየ። አጎዛውን አየ፣ የቪዶዬን አቀማመጥ አየ፣ ከዚያ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ መዳፉን ወደ መሬት ደጋግሞ ዝቅ ዝቅ አደረገ። «ዝቅ በል፣ ሽማግሌ» ማለቱ ነው ብሎ ቪዶዬ ተናደደ። ሊበቀለኝ ቀን ሲጠብቅ ኖሯል አለ በልቡ። ነዳጅ ሰጠና አለፈው።

ድንበሩ ላይ ሰልፍ ነበር። ቪዶዬ ቆሞ እግሩን ሲያወርድ መሬቱን አላገኘውም። የጫማው ጫፍ ብቻ ነካ። ሞተሩ ዘመም ሲል የጉምሩኩ ፖሊስ ደርሶ የሞተሩን እጀታ ባይዝለት እዚያው ይጋደም ነበር። ከዚያ መንገዱ ሽቅብ ሆነ። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር፣ ፀሐይዋም በበረታች ቁጥር፣ ከሥሩ ያለው ነገር እንደ ሊጥ ይነፋ ጀመር። አየር ከፍታ ላይ እንደሚለጠጥ ቪዶዬ ያውቃል፤ ለጭነት መኪና ሾፌሮች እሱ ራሱ የሚነግራቸው ነገር ነው። ትራስ እንጂ ጎማ አለመሆኑን ረስቶ የነፋውን፣ አሁን እንደ ጎማ አየር የሞላው መሆኑን ረስቶ ተቀመጠበት። በየኩርባው ሞተሩ ወደ ግራ ሲል እሱ ወደ ቀኝ ይንከባለላል። በርሜል ላይ የተቀመጠ ሰው ይመስል ነበር፤ ይህንን የነገረኝ ኡግሌሻ ነው። ፍጥነቱን ቀነሰ። መሪ አይቀደምምና ያ ሁሉ ሞተር ከኋላው ተሰልፎ፣ እንደ ቀብር ሸኚ፣ ኤሊ በሚመስል አካሄድ ተራራውን ወጣ። አንድ የአትክልት መኪና ጥሩምባ እየነፋ ሁሉንም አለፋቸው።

ከተራራው ጫፍ፣ ኮርቻ የሚባለው መተላለፊያ ላይ፣ የቴኦፊሎ መታሰቢያ ድንጋይ አለ። ከሦስቱ መሥራቾች አንዱ እዚያ ኩርባ ላይ ነው የቀረው። ጭልፊቶቹ እዚያ ሲደርሱ ሞተር ያጠፋሉ፣ ሄልሜት ያወልቃሉ፣ ከሞተራቸው ሳይወርዱ በዝምታ ይቆማሉ። መሪው ስሙን ይጠራል፤ ሌላ ንግግር የለም።

ሞተሮቹ ጠፉ። ከሩቅ የበግ ቃጭል ብቻ ይሰማል። መንገዱ ተዳፋት ነው፤ ቪዶዬ በእግሩ ጣት ጫፍ ተንጠልጥሎ፣ ጭኖቹ እየተንቀጠቀጡ ሞተሩን ይዟል። ልወድቅ ነው አለ በልቡ። በጓደኛዬ ድንጋይ ፊት፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልወድቅ ነው። ትንሽ አየር ቢቀንስ እግሩ መሬት ይደርስለታል። በግራ እጁ ሄልሜቱን ደረቱ ላይ እንደያዘ ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ ከአጎዛው ሥር ሰደደና መክፈቻውን በጣቱ ጠመዘዘ።

«ቴኦፊሎ…» አለ።

ያን ጊዜ ጀመረ። መጀመሪያ ወፍራም ነበር፤ ባቄላ የበላ ሰው የሚያወጣው ዓይነት። ከዚያ እየቀጠነ ሄደ፤ ግን አላቆመም። ቪዶዬ መክፈቻውን ሊዘጋ በጣቱ ዳበሰ፤ አመለጠው። ድምፁ ከድንጋዩ ጋር እየተላተመ ሲያስተጋባ እሱ በሁሉም ዓይን ፊት፣ ሄልሜቱን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ፣ ቀስ በቀስ እንደ ፀሐይ ጠለቀ።

ድምፁ አለቀ።

«ነፍስ ይማር» አለ ኡግሌሻ።

ከዚያ በኋላ ሰው የሚይዘው አልነበረም። የሞተሩ እጀታ ላይ የተደፋ አለ፣ እንባውን በጓንቱ የሚጠርግ አለ። ኡግሌሻ ወርዶ መጣና አጎዛውን በሁለት ጣቱ ገለጠው።

«ኧረ በእመቤቴ! ይሄ የትራሱ ትራስ አይደለም እንዴ?»

ቪዶዬ አንገቱ ድረስ ቀልቷል። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ የሚከብድ ነገር አልነበረም፤ ከዚያ የባሰ የሚመጣ ውርደት አልነበረምና። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«የእሱ ነው» አለ። «አበልጄ ነው የሰጠኝ። እንቢ ብለው ያዝንብኛል ብዬ ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ።

«ታረቃችሁ?» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጭልፊት።

ቪዶዬ ራሱን ነቀነቀ። እርቅ ነው ብለው አጨበጨቡ፤ ትከሻውን መቱት፤ ሽማግሌውማ ወርዶ ሳመው። «እንግዲህ ለቅዱስ ኤልያስ ሁላችንም ስታሜንኮ ቤት ነን!» አለ ኡግሌሻ፣ እሱም ከልቡ ደስ ብሎት። «ስላቫ አይጠራበትም! እኛም ሰውየውን አስቀይመነዋል፤ ሄደን እንበላለታለን!»

«ዋሸሁ ማለት እንዴት ያለ አጭር ቃል መሰለህ» አለኝ ቪዶዬ በኋላ። «ጉሮሮዬ ውስጥ ግን ጎማ አክሎ አላልፍ አለ።»

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ከሁሉም በላይ ይህ ነው ያሳፈረኝ የሚለው። በመልሱ ጉዞ ምንም አላመመውም። ግማሹ አየር የወጣለት ትራስ ከሥሩ ረጋ ብሎ፣ አጥንቱን ሳይነካው፣ በየኩርባው አብሮት እየዞረ እንደ ሕፃን ተሸክሞት ወረደ። ከየካቲት ወዲህ እንዲህ ተመችቶት አያውቅም። አበልጁ የዚያን ዓመት የፈለገው ይህችን ብቻ ነበር። የስታሜንኮ አጥር ጋ ሲደርስ ቪዶዬ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

እስከ ቅዱስ ኤልያስ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉለት እግዜር ይወቅ። ከተማው እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል። ዳቦ ቤት ስትሄድ ዴሳንካን ያቅፏታል። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ «ዘንድሮ አንድ መልካም ነገር ሰማሁ» ብለው እጁን ጨበጡት፤ እሱ ጫማቸውን ሲያይ ቆየ። እኔም፣ ምንም ሳላውቅ፣ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጬ «ጎሽ፣ ይሄ ነው ወንድነት» ብዬዋለሁ። አረቄዬን ሳይሞላው መለሰልኝ።

ዴሳንካ ግን እውነቱን በመጀመሪያው ምሽት ከአፉ አውጥታለች።

«ስታሜንኮ ሰምቷል» አለችው።

«ማን ነገረው?»

«አፍ ያለው ሁሉ። ይልቅ ሰው ሳይቀድምህ ሂድ።»

ሄደ። አንድ ቀን እስከ በሩ ደርሶ ውሻው ሲጮህ ተመለሰ። ሌላ ቀን ደግሞ የስታሜንኮ ሚስት ፔርሳ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ባያት ጊዜ፣ ያ ስድሳ ያለፈው ጎሚስታ፣ በቆሎ ማሳ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ቁጢጥ አለ። ቁጢጥ ማለት ደግሞ ለዚያች አጥንት ምን እንደሆነ አስቡት።

የቅዱስ ኤልያስ ዕለት ሲደርስ ሌላ ቀን አልቀረለትም። ጠዋት፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ ወይን ጠጅ በአንድ እጁ፣ የተጣጠፈ ትራስ በብብቱ ይዞ በሩን አንኳኳ። ከፔርሳ ጋር እንዛመዳለንና እኔ ቀድሜ ደርሼ ወጥ ቤት ድንች እየላጥሁ ነበር፤ የሆነውን ሁሉ በበሩ ክፍተት አይቻለሁ። ፔርሳ ከፈተችለት። ግባም አላለችው፣ ሂድም አላለችው። በስላቫ ቀን የመጣ ሰው የሚሰጠውን ሰጠችው፤ የተባረከውን የስንዴ ንፍሮ በማንኪያ። አማተበና ቀመሰ።

ስታሜንኮ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። የስላቫ ባለቤት ያን ቀን አይቀመጥም፤ እንግዳ እስኪሄድ ቆሞ ያስተናግዳል።

«እንኳን አደረሰህ» አለ ቪዶዬ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ቁጭ በል።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«እሱን ሰምቻለሁ።»

ስታሜንኮ በአገጩ ወደ ቪዶዬ ብብት ጠቆመ።

«በምን ነፋኸው?»

«በኮምፕረሰር።»

ስታሜንኮ ዓይኑን ጨፈነ። «ኮምፕረሰር!» አለ። «አንተ ሰው፣ እሱ በአፍ ነው የሚነፋው። እስትንፋስ ነው የሚበቃው። ያን ቀን በአጥሩ ስታልፍ በእጄ አሳየሁህ አይደል? አየሩን ቀንስ፣ ዝቅ አድርገው፣ ተራራው ላይ ይገለብጥሃል ብዬ! አንተ ነዳጅ ሰጥተህ አቧራ አለበስከኝ።»

ከበሩ ክፍተት የማየው የቪዶዬን ጀርባ ነው፤ ጀርባው ግን ሲሟሽሽ አየሁ። ይሾፍብኛል ብሎ የተናደደባት እጅ ልታድነው የተዘረጋች ነበረች።

«አበልጄ» አለ በመጨረሻ፤ ያን ቃል ካላት ሦስት ዓመቷ ነው። «አንተ እንደሰጠኸኝ አድርጌ ነው ያወራሁላቸው።»

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ ይመጣሉ።»

«እሱንም አውቃለሁ። ጠቦት የጨመርነው ለምን ይመስልሃል?»

«ምን ልትላቸው ነው?»

«እኔማ የቤቱ ባለቤት ነኝ። በቤቴ፣ በቅዱሱ ቀን፣ እንግዳ አላሳፍርም። የአንተን አንተ ታውቃለህ።»

ሞተሮቹ ከሩቅ ይሰሙ ጀመር።

ግቢው በአንድ ጊዜ ሞላ። ሄልሜታቸውን አጥሩ ላይ ደረደሩ፣ ንፍሯቸውን ቀመሱ፣ ከፕለሙ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ስታሜንኮ ጠርሙስ ይዞ ይዞራል። ቪዶዬ ከአንድ ግንድ ሥር ቆሟል፤ አንድ አረቄ እንኳ አልቀመሰም። ኡግሌሻ ብርጭቆውን አነሳ።

«ለጋሼ ስታሜንኮ! ለአበልጁ ትራሱን እንኳ ለሚሰጥ ሰው! እኔ ብሆን ጡብ ነበር የምሰጠው!»

ሳቅ ሆነ። ስታሜንኮ ጠርሙሱን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወደ ቪዶዬ አላየም፤ ወደ ዛፎቹ ነው ያየው።

«አልሰጠኝም» አለ ቪዶዬ።

ድምፁ ትንሽ ስለነበር የሰሙት አጠገቡ ያሉት ብቻ ናቸው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አልሰጠኝም! ልጄ ናት የላከችልኝ። በየካቲት ወድቄ አጥንቴ ተሰንጥቋል፤ ያለ ትራስ መቀመጥ አልችልም። ተራራው ላይ ዋሸኋችሁ። ከአበልጄ ጋር እስከ ዛሬ ጠዋት ሰላም እንኳ አልተባባልንም።»

ቪዶዬ ግን አላበቃም።

«የዚያን ዓመት ደግሞ… ምሳ ላይ… የሳቃችሁበት ነገር ለእኔ ብቻ የተነገረ ነበር። እናቱ እንኳ አታውቅም ነበር። እኔ ነኝ የሸጥኩት፤ ለሳቅ።» ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያሽከረክር ጀመር።

ኡግሌሻ ብርጭቆውን ሳይጠጣ አስቀመጠው። ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ ጆሮው ሲቀላ አየሁ፤ «ትራሱ» የሚለውን ስም ከተማው ውስጥ እንደ እሱ ያሯሯጠው አልነበረም። ሌሎቹም ዳቦ ይቆራርሳሉ፣ የማይበሉትን። አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ሲያፍር እንዲህ አይቼ አላውቅም። ስታሜንኮ ያን ሁሉ የተደፋ አንገት አንድ ባንድ ተመለከተው። ከዚያ ወደ ግንዱ ሄደ።

«ወዲያ ማዶ ያሉት ብርጭቆ ጎድሎባቸዋል» አለና ጠርሙሱን ቪዶዬ እጅ ውስጥ አስገባው። «ከቆምክ አይቀር፣ ቅዳ።»

ይቅር ብዬሃለሁ ሲል ይሰማ ይሆናል ብዬ እስከ ማታ ጆሮዬን አቁሜ ነበር፤ አልሰማሁም። ግን የቤቱ ባለቤትና አበልጁ ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ቆመው ሲያስተናግዱ ዋሉ፤ አንዱ በልማዱ፣ ሌላው በአጥንቱ። ቪዶዬ ሲቀዳ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ፔርሳ ትጠርጋለች። እንግዳው መበታተን ሲጀምር ስታሜንኮ ያን ትራስ ከመስኮቱ ጫፍ አነሳ፣ በአፉ ትንሽ ተነፈሰበት፣ የቪዶዬ ሞተር ኮርቻ ላይ ዘርግቶ መዳፉን ተጫነ። የቪዶዬንም መዳፍ ይዞ ከራሱ አጠገብ አስቀመጠው።

«ኮርቻውን ልትነካው ጥቂት ሲቀርህ፣ ሳትነካው» አለ። «እዚህ ላይ ነው። ገባህ?»

«ገባኝ።»

መሪነቱን ለኡግሌሻ የሰጠው ራሱ ቪዶዬ ነው፤ ማንም አልጠየቀውም። ኡግሌሻ እንቢ ብሎ ሲከራከረው ነበር፤ አሁን ፊት ይሄዳል፣ ለሰው ወገብም ሲል በየሰዓቱ ይቆማል። «ትራሱ» የሚለው ስም ጠፍቷል ብዬ አልዋሽም። ስታሜንኮ ሲሰማው አይዞርም፤ የሚቀላው ቪዶዬ ነው።

ቪዶዬ አሁን አግዳሚዋ ላይ ይቀመጣል፣ በትራሱ ላይ፣ ከሁላችን ጋር። ሞተሩ በረንዳው ፊት ቆሟል፤ አጎዛው የለም። የማያውቅ መንገደኛ ጎማ ሊያስነፋ መጥቶ «ይሄ ምንድነው ጌታዬ?» ሲለው አንገቱ ድረስ ይቀላና ይመልስለታል፤ ወድቆ እንደሆነም፣ የሚያመው የት ጋ እንደሆነም። የእሱ ስላቫ የሚውልበት ኅዳር እየቀረበ ነው። ለስላቫ ማንም አይጠራም፤ እሱም አልጠራም። ግን ከድንበሩ መንገድ የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ወሬውን አቋርጦ ቀና ይላል። ሸራ ለብሶ መጋዘን ውስጥ የከረመ አሮጌ ሞተር ድምፅ ምን ዓይነት እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።